የኤረር በር ጥላ ለምን ያመልጣል?

ጥያቄ፦ «ጋሼ፣ የምኖረው ሐረር ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ በማለዳ ወጥቼ በኤረር በር በኩል ያለውን የጀጎል ግንብ በአክሪሊክ እሥላለሁ። ከንጋቱ 12፡30 ጀምሬ እስከ 4 ሰዓት እቆያለሁ። ሥዕሉ መልክ መያዝ ሲጀምር ጥላው ሌላ ቦታ ሄዷል። ተከትዬ አስተካክላለሁ፤ እሱም ይሸሻል። መጨረሻ ላይ ሁሉም ነገር አመድ ይመስላል። ፎቶ አንስቼ ቤት ብጨርሰው ይሻላል? ወይስ ጥላን የመያዣ ዘዴ አለ?»

መልስ፦

እህቴ፣ አመዱ የመጣው «ተከትዬ አስተካክላለሁ» ካልሽው ላይ ነው። ቅድም ጥላ የነበረውን ቦታ አሁን ፀሐይ አገኘችው ብለሽ ታነጪዋለሽ፤ ብርሃን የነበረውን ደግሞ ጥላ ወረሰው ብለሽ ታጠቁሪዋለሽ። ሁለት ሦስት ጊዜ እንዲህ ካደረግሽ ደማቁም ጨለማውም መሐል መንገድ ላይ ይገናኛሉ፤ የሚቀርሽ ግራጫ ብቻ ነው። ቀለሙ ርካሽ ስለሆነ ወይም እጅሽ ስላልበሰለ የመጣ ጣጣ አይደለም። በአንድ ሸራ ላይ የ1 ሰዓትን፣ የ2 ሰዓትን እና የ4 ሰዓትን ፀሐይ አብረሽ ልታኖሪ ስለሞከርሽ ነው። አንድ የደጅ ሥዕል የሚችለው አንድ ሰዓት ነው። የትኛው ሰዓት እንደሆነ ቀለም ከመጭመቅሽ በፊት ወስኚ፤ ከዚያ ወዲያ ፀሐይ የራሷን መንገድ ትሂድ።

የመረጥሽው ሰዓት ደግሞ ከሁሉም የከፋው ነው። ሐረር ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ያህል ብቻ ስለምትርቅ የእኛ ፀሐይ ከአድማስ ላይ እየተንፏቀቀች አትወጣም፤ ሽቅብ ነው የምትወጣው። በኅዳር አንድ ጠዋት አንድ ሜትር ርዝመት ያለው ዱላ ደልዳላ መሬት ላይ አቁመሽ ጥላውን ለኪ። 1 ሰዓት ላይ ወደ 5 ሜትር ይጠጋል። 2 ሰዓት ላይ ከ2 ሜትር ትንሽ ይበልጣል። 3 ሰዓት ላይ 1 ሜትር ከ30 ሳንቲም ገደማ፣ 4 ሰዓት ላይ ከዱላው ቁመት አንሶ ከ90 ሳንቲም በታች ይሆናል። ልዩነቱን አየሽው? ከ1 እስከ 2 ሰዓት ባለው ጊዜ ብቻ ወደ 3 ሜትር የሚሆን ጥላ ይጠፋል፤ በሚቀጥለው ሰዓት 80 ሳንቲም ያህል፣ ከዚያም በኋላ 40 ሳንቲም ገደማ። አንቺ ጥላው በሩጫ ላይ እያለ ጀምረሽ፣ መራመድ ሲጀምር ዕቃሽን ትሰበስቢያለሽ።

የማለዳው ብርሃን ያምራል፤ አልክድም። ሠዓሊ ሁሉ የሚወደውም እሱን ነው። ነገር ግን በሃያ ደቂቃ ውስጥ እጁን የሚሰበስብ ሰው ነው የሚጠቀምበት። ለጊዜው ማለዳውን ለእርሳስ ንድፍ ተዪውና ቀለሙን 2 ሰዓት ላይ ጀምረሽ 3፡30 ላይ ጨርሺ። ከሰዓት በኋላ ነገሩ ተገልብጦ ይመጣል፦ ከ8 እስከ 10 ሰዓት ጥላው ረጋ ያለ ነው፤ ከ10 ሰዓት በኋላ ርዝመቱም ቀለሙም በየደቂቃው ይለዋወጣል።

ቀጥሎ የምትቆሚበት ቦታ ነው፤ ብዙ ሰው አቅልሎ የሚያየው ይህንን ነው። ኤረር በር በምሥራቅ በኩል ነው። ከግንቡ ውጭ ቆመሽ ከሆነ ጠዋት ፀሐይዋ ከጀርባሽ መጥታ ድንጋዩን ፊት ለፊት ትመታዋለች። ድንጋዩ የሚያምረው በሸካራነቱና በጉድጓዱ ሆኖ ሳለ፣ ፊት ለፊት የመጣ ብርሃን ያንን ሁሉ ያስተኛዋል። ስለዚህ ግንቡ ራሱ ጠፍጣፋ ሆኖብሽ፣ መሬት ላይ የሚሮጠውን የዛፍና የሰው ጥላ ማሳደድ ትጀምሪያለሽ። ብርሃኑ ከጎን እንዲመጣልሽ ከፈለግሽ እኩለ ቀን ሊቃረብ ሲል ግንቡን ጥግ ይዘሽ፣ አግድም ሳይሆን ወደ ውስጥ እንደሚሄድ አድርገሽ ሣዪው። በምዕራብ በኩል ያለው ሸዋ በር የዚህ ተቃራኒ ነው፤ ጠዋት በጥላ ውስጥ ይቆይና ከሰዓት በኋላ ይበራል።

አሁን ለአንቺ በተለይ የሚጠቅምሽን ልንገርሽ። ከመስከረም አጋማሽ እስከ መጋቢት አጋማሽ ፀሐይ ቀኑን ሙሉ በደቡብ በኩል ነው የምትሄደው። በዚህ ወቅት ፊቱን በቀጥታ ወደ ሰሜን የሰጠ ግድግዳ ከጠዋት እስከ ማታ ቀጥተኛ ፀሐይ አያገኝም። ስለዚህ በሰሜን በኩል ባለው ፈላና በር፣ ወይም በየትኛውም ጠባብ መንገድ ውስጥ ፊቱ ወደ ሰሜን የሆነ ቤት ብታገኚ፣ ብርሃኑ ሁለት ሦስት ሰዓት ሙሉ ብዙም ሳይለወጥ ይጠብቅሻል። ሰኔ ላይ ደግሞ ይገለበጣል፦ ፀሐይ እኩለ ቀን ላይ ከአናታችን ወደ ሰሜን አልፋ ስለምትገኝ በጥላ የሚውለው ወደ ደቡብ የሚያየው ግድግዳ ነው። የጀጎል ግንብ ክብ እየሠራ ስለሚሄድ በበሩ ስም ብቻ አትመኚ፤ ስልክሽ ላይ ያለውን ኮምፓስ ከፍተሽ ግድግዳው ወዴት እንደሚያይ አረጋግጪ። ሐረር ውስጥ ለተለማማጅ ከዚህ የተሻለ አስተማሪ አላውቅም። ፀሐይ የነካው ነገር ሥዕሉ ውስጥ ባይኖር ቅር አይበልሽ፤ የጥላን ቀለም ማየት የሚለመደው እዚያ ነው።

ሰፊ መልክዐ ምድር ካማረሽ ሐኪም ተራራ ላይ ወጥተሽ ጀጎልን ቁልቁል እዪ። ፊትሽ ወደ ሰሜን ስለሚሆን በበጋው ወራት ጠዋት ብርሃኑ ከቀኝሽ፣ ትንሽ ከኋላሽ ይመጣል፤ የጣሪያዎቹና የግድግዳዎቹ ሁለት ጎን፣ አንዱ የበራ አንዱ የጠቆረ ሆኖ ቁልጭ ብሎ ይለያል። እኛ ድሬዳዋዎች በዚህ አልታደልንም። ተራሮቻችን በደቡብ በኩል ስለሆኑ በታኅሣሥ ከከተማው ሆነሽ ወደ ደንገጎ አቅጣጫ ስታዪ ፀሐይዋ ከተራራው በላይ ትሆንና ፊት ለፊት ታያለሽ፤ ጋራው ሁሉ አንድ ወጥ ሰማያዊ ጥላ ይሆናል። ሰኔ ላይ ግን ፀሐይዋ ከጀርባ ትመጣና ያው ጋራ ሸለቆውና ሸንተረሩ አንድ በአንድ ይወጣል፤ ሙቀቱን የሚችል ይሣለው። ስለ ሰፈራችን ስለ ከዚራ ደግሞ አንድ ነገር ብቻ ልጨምር፦ በዛፎቹ ቅጠል መካከል ሾልከው አስፋልት ላይ የሚወድቁት ክብ ክብ የብርሃን ነጠብጣቦች በየደቂቃው ቦታ ይቀይራሉ። እያንዳንዱን ለመሣል አትሞክሪ። መጀመሪያ መንገዱን በሙሉ ጥላ አድርጊው፤ መጨረሻ ላይ ዓይንን ወደምትፈልጊበት የሚመሩ ጥቂት ነጠብጣቦች ጣል ጣል አድርጊ።

ወደ አሠራሩ ልምጣ። ቦታውን መርጠሽ እንደቆምሽ ሸራውን አትንኪ። ደብተር ላይ የክብሪት ሣጥን የሚያክሉ ሦስት አራት ንድፎች በእርሳስ ሥሪ፤ ጨለማና ብርሃን ብቻ፣ መካከለኛ የሚባል ነገር ሳይኖር። ዓይንሽን ጨፈን አድርገሽ ስታዪ መስኮቱ፣ ስንጥቁ፣ ሽቦው ሁሉ ይጠፋና ትልልቆቹ ጨለማ ቅርጾች ብቻ ይቀራሉ። የምትፈልጊው እነሱን ነው። ከንድፎቹ መካከል ከሩቅ ሲታይ እንኳ የሚነበበውን ምረጪና ሰዓቱን ጎኑ ላይ ጻፊ። ሸራው ላይ መጀመሪያ የምትሠሪው የግንቡን ዝርዝር ሳይሆን የጥላውን ዳር ነው። በርንት ሲዬና የሚባለውን ቀላ ያለ ቡናማና አልትራማሪን ሰማያዊ ቀላቅለሽ፣ በውሃ አቅጥነሽ፣ የጥላውን ቅርጽ ሁሉ በአንድ ወጥ ቀለም ሙዪው። ይህ በመጀመሪያዎቹ ሃያ ደቂቃዎች ውስጥ ማለቅ አለበት። ያን ጊዜ የጥላው ዳር እንደ ተፈረመ ውል ነው፤ ማንም አይነካውም፣ አንቺም ጭምር።

ከዚህ በኋላ ቀና ብለሽ ስታዪ የምትጠይቂው ጥያቄ ይለወጣል። «ጥላው የት ነው?» ብለሽ አትጠይቂ፤ የት እንደሆነ ወስነሻል። «ጥላው ምን ዓይነት ቀለም አለው? ከብርሃኑ በምን ያህል ይጠቁራል?» በዪ። ጥላው አንድ ክንድ ቢሸሽም ቀለሙ ለረጅም ጊዜ ያው ነው። ችግር የሚመጣው ሥዕሉ ሊያልቅ ሲል ነው፤ አዲሱ ጥላ ሁልጊዜ ከመረጥሽው የበለጠ ያምራል። አንዲት የብርሃን ጭረት በሩ ላይ ታርፍና «እሷን ብቻ ልጨምር» ትያለሽ። አትጨምሪያት። ካስጨነቀችሽ ሁለተኛ ሰሌዳ አውጪና ሌላ ሥዕል ጀምሪ። ፈረንሳዊው ክሎድ ሞኔ በ1892 እና በ1893 እ.ኤ.አ. የሩዋንን ካቴድራል ሲሥል ብዙ ሸራዎችን አብሮ ይዞ፣ ብርሃኑ በተለወጠ ቁጥር ከአንዱ ወደ ሌላው ይሸጋገር ነበር፤ በጠቅላላው ከ30 በላይ ሆኑ። አንድ ሸራ ላይ ሁሉንም ሰዓት ለማስገባት ግን አልሞከረም። ለአንቺ ሁለት ሰሌዳ ይበቃል፣ አንዱ የጠዋት አንዱ የከሰዓት። መጠናቸው ከ25 በ30 ሳንቲም አይብለጥ። ኮምፔንሳቶ አስቆርጠሽ ጄሶ (የግንበኛውን ሳይሆን የሠዓሊውን ነጭ መደብ ቀለም) ብትቀቢው ከሸራ የተሻለ ነፋስ ይችላል።

ስለ ጥላ ቀለም ትንሽ ልቆይ፤ ሐረር ሀብቷ እሱ ነውና። 3 ሰዓት ገደማ በጀጎል ውስጥ በአንድ ጠባብ መንገድ ኖራ የተቀባ ግድግዳ ፊት ቁሚ፤ ግድግዳው በጥላ ውስጥ ሆኖ ከሥሩ ያለው መሬት ግን ፀሐይ ያገኘ ይሁን። የግድግዳው የላይኛው ክፍል ሰማይን ስለሚያይ ወደ ሰማያዊ ያደላል። ወደ ታች ስትወርጂ፣ ከጉልበት በታች ባለው ክፍል፣ ከቀይ አፈሩ ላይ የተወረወረው ብርሃን ግድግዳውን ያሞቀዋል፤ ብርቱካንማ የሚመስል ቢጫ ይሆናል። ፊት ለፊት ያለው ቤት አረንጓዴ ከተቀባ ደግሞ መሐሉ ላይ ቀጭን አረንጓዴ ጥላ ታገኚያለሽ። ይህ ሁሉ የሚሆነው ከሩቅ «ነጭ» በምንለው በአንድ ግድግዳ ላይ ነው። እንግዲህ ጥላን ለመሥራት ጥቁር ቀለም የሚጨምር ሰው ይህን ሁሉ በአንድ ብሩሽ ሰረዘው ማለት ነው። ጥቁሩን ቤት ተዪው። ለላይኛው ነጭ፣ አልትራማሪንና የበርንት ሲዬና ቅንጣት፤ ለታችኛው በሰማያዊው ፋንታ ኦከር፣ ማለትም አፈርማ ቢጫ።

በጥላ ውስጥ ካለው ሁሉ ደማቁ፣ በብርሃን ውስጥ ካለው ሁሉ ጨለማ ይልቅ መጥቆር አለበት ተብሎ ይሰጣል፣ ትምህርቱ። ለአብዛኛው ቦታ ይሠራል። በጀጎል ግን ኖራ የተቀባው ግድግዳ በጥላ ውስጥ ሆኖ እንኳ፣ ፀሐይ ከመታው ቡናማ በር ሊደምቅ ይችላል። ስለዚህ ሕጉን በጭፍን አትከተዪ፤ ለኪ። ግራጫ ካርቶን ላይ ሁለት ትናንሽ ቀዳዳዎች በጥተሽ አንዱን ጥላው ላይ፣ ሌላውን ብርሃኑ ላይ አነጣጥሪ። ዙሪያው ስለሚሸፈን ዓይንሽ «ይህ ግድግዳ ነው፣ ይህ በር ነው» ማለቱን ይተውና ቀለሙን ብቻ ያያል። መጀመሪያ ስታዪው አታምኚም።

ፎቶውን በሚመለከት፦ አንሺ፣ ግን ጥላውን በወሰንሽበት ደቂቃ እንጂ ሥራው ካለቀ በኋላ አይሁን። አለበለዚያ ቤት ስትገቢ ሌላ ሰዓት ይጠብቅሻል። ፎቶው የሚጠቅምሽ ለቅርጽ ነው፦ የበሩ ቅስት፣ የደረጃው ብዛት፣ የጣሪያው ማዕዘን። ለቀለም ግን አትመኚው። ስልክ ወይ ለብርሃኑ ያደላና ጥላውን ጥቁር ጉድጓድ ያደርገዋል፣ ወይ ሁለቱንም ላሳይ ብሎ ልዩነታቸውን ያጠፋዋል። ከላይ የነገርኩሽን ሰማያዊና ብርቱካንማ አብዛኛውን ጊዜ ይበላዋል። በፎቶው ምትክ በንድፍሽ ዳር በቃላት ጻፊ፦ «ጥላ፣ ላይ ቀዝቃዛ፣ ታች ሞቃት፤ መሬቱ ከግድግዳው ጥላ ትንሽ ደማቅ» የመሳሰለውን። እንግሊዛዊው ጆን ኮንስታብል በ1821 እና በ1822 እ.ኤ.አ. የደመና ጥናቶቹን ሲሠራ ቀኑን፣ ሰዓቱንና የነፋሱን ሁኔታ ከጀርባው ይጽፍ ነበር፤ ጥሩ ልማድ ነው። ቤት መጨረስ ነውር ነው የሚሉሽን አትስሚ። ሞኔም ካቴድራሎቹን ወደ ቤቱ ወስዶ ነው የጨረሳቸው። ነውሩ ቤት ሆኖ ሌላ ብርሃን መፍጠሩ ላይ ነው።

በማግሥቱ በተመሳሳይ ሰዓት መመለስ ከፎቶ ሁሉ ይበልጣል። እዚህ ላይ ወሩ ለውጥ ያመጣል። በታኅሣሥና በሰኔ አጋማሽ ፀሐይ መንገዷን ስለማትቀይር ለሁለት ሳምንት ያህል ብትመላለሺ ጥላው ያው ቦታ ላይ ያገኝሻል። በመስከረምና በመጋቢት ግን በሳምንት ወደ 3 ዲግሪ ትጓዛለች፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ብቻ የምትወጪ ከሆነ በሦስተኛው ቅዳሜ ጥላው ሌላ ነው። እነዚያን ወራት በአንድ ቀን ለሚያልቅ ትንሽ ሰሌዳ አድርጊያቸው።

ደመና ሲመጣስ? ተሰባብሮ የሚያልፍ ከሆነ ፀሐይዋ ስትሸፈን ብሩሽሽን አስቀምጪ፣ ወይም በጥላው ክፍል ላይ ሥሪ፤ በደመና ሰዓት የበራውን ግድግዳ አትንኪ። ሰማዩን በሙሉ የሸፈነ ደመና ግን በረከት ነው። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ከዝናቡ በፊት ያለው ለስላሳ ብርሃን ለረጅም ሰዓት አይነቃነቅም፤ የጀጎል ሮዝና ሰማያዊ ግድግዳዎችም የራሳቸው ቀለም የሚወጣው ያኔ ነው። ፀሐይ ላይ ግማሽ ቀለማቸው ይነጣል።

አክሪሊክ በደረቅ አየር ብሩሹ ላይ እንዳለ ይደርቃል። ፀጉር አስተካካዮች የሚጠቀሙበትን ዓይነት ውሃ መርጫ ያዢና ፓሌቱን (ቀለም የምትቀላቅዪበትን) በየጊዜው እርጪው። ክዳን ባለው ሣህን ውስጥ የረጠበ ጨርቅ አንጥፈሽ በላዩ የዳቦ መጋገሪያ ወረቀት ብታደርጊ ቀለሙ ቀኑን ሙሉ አይደርቅም። ሲደርቅ እንደሚጠቁርም አስታውሺ፤ በማግሥቱ ስትቀጥዪ የምታመሳስዪው ከደረቀው ጋር ነው። የዘይት ቀለም ለእንዲህ ያለው ሥራ ይታገሣል፤ ግን አኳራጁ፣ ሽታውና እርጥብ ሥዕል ይዞ በባጃጅ መሄዱ የራሱ ጣጣ አለው። ገና አትቸኩዪ።

ሰሌዳሽና ፓሌትሽ ሁለቱም በጥላ ውስጥ ይሁኑ። ፀሐይ ያረፈበት ሰሌዳ ላይ ቀለሙ ሁሉ ደምቆ ስለሚታይሽ እያጠቆርሽ ትሄጃለሽ፤ ቤት ስትገቢ ሥዕሉ ጨልሞ ታገኚዋለሽ። ጃንጥላ ያዢ፤ ግን ገበያ ላይ ያለውን ቀይና ብርቱካናማ አይደለም። ከሥሩ ያለው ነገር ሁሉ ቀይ ይሆንብሻል። ግራጫ ወይም ጥቁር ይሁን። ልብስሽም እንደዚያው፣ ደማቅ ቀሚስ እርጥቡ ቀለም ላይ ያንጸባርቃል። ጀርባሽን ለግድግዳ ስጪ፤ ልጆቹ ከበው ማየታቸው አይቀርም፣ ከፊትሽ እንዳይቆሙ ብቻ ነው የምትለማመጫቸው። የሰው ደጃፍ ላይ የምትቆሚ ከሆነ ቤተሰቡን አስቀድመሽ አስፈቅጂ።

አመድ የሆኑብሽን ሥዕሎች አትጣያቸው። የተቆለለውን ቀለም በብርጭቆ ወረቀት ፍቂና ኦከርና በርንት ሲዬና ቀላቅለሽ፣ ከነጭም ከጥቁርም መሐል የሆነ አንድ ወጥ መደብ ቀቢባቸው። በነጭ ሰሌዳ ላይ የመጀመሪያው ጥላ ሁልጊዜ ከልክ በላይ ጨለማ መስሎ ስለሚታይ እጅ ይፈራል፤ መካከለኛ መደብ ላይ ግን ጥላውንም ብርሃኑንም ከመጀመሪያው ብሩሽ ጀምሮ መመዘን ይቻላል። ለሚቀጥለው ቅዳሜ ሁለቱን ይዘሽ 1፡30 ላይ ድረሺ፤ ግማሹን ሰዓት ለንድፍ፣ ከ2 ሰዓት ጀምሮ ለቀለም።